ለነጻ ፋይል ሦስት ፕሮፎርማ

ታላላቅ ሥራዎች በስብሰባ ይጀመራሉ፤ በሥራ የሚጀመሩት ታናናሾቹ ናቸው። በወላይታ ሶዶ ከተማ፣ ለክብሩ ስንል ስሙን የማንጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት ወረቀትን ከምድረ ገጽ ለማጥፋት በተነሳ ጊዜ ይህን ሥርዓት አላጓደለም። ሰኔ ሊወጣ ሲል ኃላፊው አቶ ዱባለ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስበው፣ ከሐምሌ አንድ ጀምሮ የሥራ ፈቃድ የሚታደሰው በሲስተም ብቻ መሆኑን አበሰሩ። ሲስተሙ አዲስ አበባ ተሠርቶ፣ ተጠናቆ መጥቶ፣ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ተጭኗል። "ለውጥን አትጠብቁ፤ ለውጡ ራሱ እናንተን እየጠበቀ ነው" አሉ አቶ ዱባለ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ የገባው ሰው የለም፤ ጭብጨባው ግን ለረጅም ጊዜ አልቆመም።

አቶ ዱባለ አርቆ አሳቢ ናቸውና ሲስተሙ ሲሠራ እስኪያዩ አልጠበቁም። በዚያው ሳምንት የቀድሞውን ቅጽ ሁሉ አስጠርገው አስወጡ፣ ማኅተሙን ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። የቀረውን ነጭ ወረቀት ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ለአንድ ቁም ነገር እንዲውል አዘዙ። "ፈቃዱን በአዲሱ ሲስተም ባለማሳደሱ ታሽጓል" የሚል ማስታወቂያ በብዛት ታተመበትና ሐምሌ ሲገባ በሱቅ በር ላይ ተለጠፈ። ለሙከራ የተመረጡት የጽሕፈት መሣሪያና የኮምፒውተር ዕቃ ሻጮች ነበሩ፤ ለቴክኖሎጂ ቅርብ ናቸው ተብሎ። በከተማው አንድም ሳይቀር ሁሉም ታሸጉ። ሲስተሙ ብቻ ነበር ገና ያልተነሳው። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" የሚል ተረት አለ፤ አቶ ዱባለ ግን ተረት አይወዱም፣ የሚወዱት ዕቅድ ነው።

ከታሸጉት በሮች አንዱ የወይዘሮ አሰፋሽ ነበር። ሰፈሩ የማቲ እናት ይላታል። ጣራው በአንድ ጥግ የሚያፈስ ጠባብ ሱቅ አላት፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ወረቀት ትሸጣለች፣ ኮፒም ታነሳለች። ዓመቱን ሙሉ የሚያኖራት የነሐሴ መጨረሻና የመስከረም ገበያ ነው፤ ተማሪ ደብተር የሚገዛበት ወቅት። በዚያ ዓመትም ሱቁን እስከ ጣራው በደብተር ሞልታ ስታበቃ ነው ማስታወቂያው የተለጠፈባት። ትምህርት ቤት እስኪከፈት በሩ ካልተከፈተ ዓመቱ በላይዋ ላይ አለቀ ማለት ነው። የሶዶ ክረምት ደግሞ ሲዘንብ አይጫወትም። ማታ ማታ ዝናቡ በመጣ ቁጥር አሰፋሽ አልጋዋ ላይ ሆና የሚያፈሰውን ጥግ ታስባለች።

ከቢሮው አትጠፋም ነበር። ኮምፒውተሩን የሚይዘው ትግሉ የሚባል ከሸዋ ተመድቦ የመጣ ወጣት ባለሙያ ነው፤ ሲናገር አንገቱን የሚያክ፣ ክፋት የማያውቅ፣ ድፍረትም የማያውቅ ሰው። አንድ ቀን ወንበር ስቦላት ስክሪኑን አሳያት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ነበር።

"ምንድን ነው የሚለው?" አለችው።

"አንድ ፋይል ጎድሎኛል ነው የሚለው፣ እትዬ።"

"አዲስ አበባ ረስተውት ነው?"

"አልረሱትም፤ ሆን ብለው ነው የተዉት። ፋይሉ የጋራ ነው። ብዙ ፕሮግራም ይጠቀምበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ተሸክሞ አይዞርም፤ በሄድኩበት ኮምፒውተር ላይ አለ ብሎ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ይሄ ሊኑክስ የሚባለው እንደዚያ ነው ሥርዓቱ።"

አሰፋሽ የሰፈሯ እድር ዕቃ ቤት ቁልፍ እሷ ዘንድ ነውና ነገሩ ወዲያው ገባት። "እንደ እድር ድስት በለኛ። ማንም ቤቱ ያን የሚያህል ድስት አያስቀምጥም፤ ድግስ ሲመጣ ከእድር ያወጣል።"

"ልክ ነሽ። ይሄኛው ሥጋውን ከትፎ፣ ቅመሙን ደቁሶ መጥቷል። ድስቱ ግን እናንተ ጋ አይጠፋም ብሎ ነው።"

"እና እኛ ጋ የለም?"

"አለ እኮ። አዲሱ ነው ያለው፣ ሦስተኛው እትም። እሱ የሚፈልገው የድሮውን ነው፤ ሊብ ኤስኤስኤል አንድ ነጥብ አንድን።"

"አዲሱን ሰጥተህ እንደምንም አታሳምነውም?"

ትግሉ አንገቱን አከከ። "ሞክሬያለሁ። አዲሱን በድሮው ስም ጠርቼ ተወካይ አድርጌ አቀረብኩለት። መጀመሪያ ዝም አለ። ሥራ ሲያዘው ጊዜ አንተ እሱ አይደለህም ብሎ መለሰው።"

በዚያ ጽሕፈት ቤት ተወካይ ማለት የኃላፊውን ወንበር ይዞ፣ ሻይ አዝዞ፣ "እሳቸው ሲመጡ ተመለሱ" የሚል ሰው ነው። ይህን የማይቀበል ፍጡር በግቢው ውስጥ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር፤ ለዚህ እንኳ ምስጋና ይገባዋል።

"ታዲያ የድሮው የት ይገኛል?"

"ኢንተርኔት ላይ። በነጻ ነው። ቆሎሽን ቆርጥመሽ ሳትጨርሺ ይወርዳል።"

"እና ምን ትጠብቃለህ? አውርደው።"

"ኃላፊው ሳይፈቅዱ?" አለ ትግሉ፣ ፊቱ ልውጥ ብሎ።

አሰፋሽ ጎትታ አስነሳችው። አቶ ዱባለ ቢሮ ሲገቡ ኃላፊው በጳጉሜን ለሚመጡት እንግዶች የሚያሰሙትን ንግግር እያረሙ ነበር። እንግዶቹ ከበላይ አካል ናቸው፤ ከሲስተሙ የምትወጣውን የመጀመሪያዋን ፈቃድ በዓይናቸው ሊያዩ ነው የሚመጡት። ትግሉ ነገሩን ከእግር እስከ ራሱ አስረዳ። አቶ ዱባለ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው ከሁሉም ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ መዘዙ።

"በነጻ?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ማነው በነጻ የሚሰጠው?"

"ሰዎች ናቸው። ጽፈው ለዓለም ሁሉ ለቀውታል።"

"ምን ፈልገው?"

"ምንም።"

"እኔ ምንም ያልፈለገ ሰው በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም" አሉ አቶ ዱባለ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። "ዛሬ ፋይል በነጻ የሰጠን ነገ ምን ሊጠይቀን ነው? ይህ ጽሕፈት ቤት እኮ ለማኝ አይደለም። ያልተገዛ ንብረት ንብረት አይደለም፤ አይመዘገብም፣ አይቆጠርም፣ ኦዲተር ቢመጣ ከየት አመጣችሁት ይለናል። ይገዛ።"

"የሚሸጠው ሰው የለም እኮ፣ ጌታዬ።"

"ገበያ ሳይጠና የለም አይባልም። ደግፌ!"

ደግፌ የግዥና የንብረት ባለሙያ ነው። ሲጠራ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የሚገኘው።

"ሦስት ፕሮፎርማ" አሉት አቶ ዱባለ። "ከሕጋዊ ነጋዴ። ፈቃዱ ከታደሰ።"

አሰፋሽ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለች ለራሷ። ከዚያ ዝናቡ መጣና ወደ ቤቷ ሮጠች።

በማግስቱ በታሸገው ሱቋ በረንዳ ላይ በዱካ ተቀምጣ ሳለ ደግፌ ዣንጥላውን እያራገፈ መጣ። ከተማውን ሲዞር አርፍዶ ነበር፤ የሄደበት ሱቅ ሁሉ ራሱ የለጠፈው ማስታወቂያ ነው የተቀበለው።

"ወይዘሮ አሰፋሽ፣ እንኳን አገኘሁሽ። ለአንድ ሊብ ኤስኤስኤል ፕሮፎርማ ሙይልኝ።"

"እሞላለሁ፤ ምን ቸገረኝ።"

"የታደሰ ፈቃድሽን ኮፒ አያይዢ እንጂ።"

"ፈቃዴ አልታደሰም።"

"ለምን አላሳደስሽም?"

"ሲስተሙ ስላልተነሳ ነዋ።"

"ሲስተሙ እንዲነሳ እኮ ነው ፋይሉ የሚገዛው።"

"እኮ ግዙኝ።"

"ፈቃድ ከሌለው ነጋዴ እንዴት እንገዛለን?"

"እንዲኖረኝ ሲስተሙን አስነሱታ።"

"ፋይሉ ሳይገዛ በምን?" አለ ደግፌ። ከዚያ ዣንጥላውን ዘረጋ፣ አጠፈ፣ ደግሞ ዘረጋ። ሰውየው ሞኝ አይደለም፤ ክቡን አየው። ክቡን አይቶም እንደ ባለሙያ ወደ ቢሮው ተመልሶ "ማነቆው ተለይቷል" ሲል ሪፖርት አደረገ። ሪፖርቱ በሩብ ዓመቱ ከተመዘገቡት ውጤቶች አንዱ ሆኖ ተያዘ።

ማነቆው ከተለየ በኋላ መፍትሔው ቀላል ነበር። የታደሰ ፈቃድ የሚገኘው አዲሱ ሲስተም ያልደረሰበት ቦታ ነው። ደግፌም የጽሕፈት ቤቱን መኪና አስነስቶ ወደ ኋላ ወደ ቀሩት ወረዳዎች ወጣ፤ እነሱ ገና በወረቀት ይሠራሉና ነጋዴዎቻቸው በሙሉ ሕጋዊ ናቸው። ገሱባ ላይ የተማሪ ጫማ የሚሸጥ ሰው ዕቃው በሜትር ነው በኪሎ ብሎ ጠየቀው። ዱቦ ላይ ያገኛት ሴት ቀለሙን ካልነገርከኝ ዋጋ አልሰጥም አለች። ቦምቤ ላይ ግን ሶርሳን አገኘ።

ሶርሳ ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣል፤ ከሱቁ በስተኋላ የዝንጅብል ጆንያ ተደርድሮበታል። በዕድሜው የለም ብሎ ደንበኛ መልሶ አያውቅም። ደግፌ የፋይሉን ስም ከወረቀት ሲያነብለት ሶርሳ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ።

"ስንት ይበቃችኋል?"

"አንድ።"

"ኦሪጅናሉን ነው ቻይናውን?"

ደግፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ያገኘ መሰለው። ልቡ አረፈ። "ኦሪጅናሉን" አለ። ከሁለቱ ባዶ ፕሮፎርማዎች ጋር ተወዳድሮ አሸናፊው ያለ ክርክር ሶርሳ ሆነ።

ደግፌ መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ ሶርሳ ስልኩን አወጣና ወደ ሶዶ ደወለ። ደብተርና እስክሪብቶ ሲፈልግ የሚያመጣው ከአሰፋሽ ነው፤ የድሮ ደንበኛሞች ናቸው።

"የማቲ እናት፣ ሳሮ? ቤት ሁሉ ሳሮ?"

"ሳሮ፣ ደህና ነን፣ ጌታ ይመስገን። ምነው በሰላም?"

"ከመንግሥት አንድ ዕቃ አሸንፌያለሁ። ያሸነፍኩት ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ሊብ የሚባል ነገር ሱቅሽ ይኖር ይሆን?"

አሰፋሽ ሳቋ መጣ። ሐምሌ ከገባ ስቃ አታውቅም፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሶርሳ በዚያኛው ጫፍ "ምነው፣ ውድ ነው እንዴ?" ይላል። ስልኩን ዘግታ ቀጥ ብላ ወደ ቢሮው ሄደች። ትግሉን ግድግዳው ጥግ ወስዳ "የት ነው ያለው? አሳየኝ" አለችው። እሱ ስልኳ ላይ ጣቱን ቀስሮ አሳያት፤ ማሳየት አልተከለከለም። በአቶ ዱባለ መስኮት ሥር ቆማ፣ በራሷ ስልክ፣ ፋይሉን አወረደችው። እውነትም ቆሎ ቆርጥሞ ለመጨረስ እንኳ አያደርስም ነበር።

ግን ከሶዶ ሰው እጅ መቀበል ክልክል ነው፤ ሻጩ የቦምቤ ነው። ስለዚህ ፋይሉ የገባበትን የስልክ ሚሞሪ ካርድ በወረቀት ጠቅልላ ለሚኒባስ ሾፌር ሰጠችው። ፋይሉም ወደ ቦምቤ ወጣ። እዚያ አንድ ሌሊት በዝንጅብሉ አጠገብ አደረ። በማግስቱ ሶርሳ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ካርዱን በምስማር ካርቶን ውስጥ አድርጎ፣ በዚያው ሚኒባስ፣ በዚያው ሾፌር፣ ወደ ሶዶ ይዞት ወረደ። ርክክቡ ላይ ደግፌ ካርቶኑን ከፍቶ ለጥቂት ጊዜ ምስማር ውስጥ ፈለገ።

"ይቺ ናት?" አለ ካርዷን በሁለት ጣቱ አንስቶ።

"ኦሪጅናል ናት" አለ ሶርሳ።

ደግፌ ካርዷ ላይ የንብረት ቁጥር ለጠፈባት፤ ቁጥሩ ከካርዷ ይበልጥ ነበር። ከዚያም እንደ ሕጉ ግምጃ ቤት አስገብቶ በሁለት ቁልፍ ቆለፈባት። አቶ ዱባለ ደስ ብሏቸው ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል መጡ። ትግሉ ሲስተሙን አስነሳ። ያው መስመር ወጣ።

"ምን ይላል?"

"የለም ነው የሚለው።"

"እንዴት የለም? ገዝተነዋል እኮ። ግምጃ ቤት ነው ያለው በለው።"

"ጌታዬ፣ እሱ የሚፈልገው በሚያውቀው ቦታ ብቻ ነው። ግምጃ ቤት አያውቅም።"

"እንግዲህ ይወቅ! የመንግሥት ንብረት የሚቀመጠው ግምጃ ቤት ነው። ኮምፒውተር ስለሆነ የተለየ ሕግ ሊወጣለት ነው?"

ሕግ እንዲወጣ ሳይሆን ካርዷ እንድትወጣ ለማግባባት ሳምንት አለፈ። ደግፌ ወጪ ሆና የማትመለስ ንብረት አስፈርሞ አያውቅም፤ ትግሉ ደግሞ ፋይሉ ከገባ በኋላ እንደማይመለስ እየማለ ሲነግረው ይበልጥ ይሸሻል። በመጨረሻ ካርዷን ራሱ ይዞ ገብቶ፣ ትግሉ ሲቀዳ በዓይኑ ጠብቆ፣ ካርዷን መልሶ ቆለፈባት። ሲስተሙ ተነሳ፤ ወዲያውም በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈ።

ትግሉ አንገቱን አከከ። "አሁን ደግሞ ሊብ ክሪፕቶ የሚባለውን ነው የሚፈልገው። የመጀመሪያው ብቻውን አይሠራም፤ እሱም የሚደገፍበት አለው።"

ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። አቶ ዱባለ ግን ስክሪኑን አጎንብሰው አይተው ፊታቸው በራ። "ትናንት የሚለው ሌላ አልነበረም?"

"ሌላ ነበር።"

"ዛሬ የሚለው ሌላ ነው። ይሄ ዕድገት አይደለም እንዴ? ደግፌ፣ ሦስት ፕሮፎርማ!"

ያን ቀን ነሐሴ ተጋምሶ ነበር። አሰፋሽ ወሬውን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ዝናቡ ሳያባራ ያደረ ሌሊት ነበርና ጠዋት በሱቋ በር ስንጥቅ ብትመለከት የታችኛው የደብተር ካርቶን ውኃ ጠጥቶ አብጦ አየች። ክረምቱን ሙሉ ያሰበችበት ዕቃ ነው። እዚያው በሩ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወደ ትግሉ ሄደች፤ ሰላምታም አልሰጠችው።

"ከዚህ ከሁለተኛው ኋላ ስንት አለ?"

"ምኑ?"

"የጎደለው! አንዱ ሲገባ ሌላው ይመጣል። ስንት ናቸው?"

"እሱማ ይታወቃል፣ እትዬ። የጎደለውን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚናገር ትእዛዝ አለ።"

አሰፋሽ አፈጠጠችበት። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር?"

"አልተጠየቅኩም" አለ ትግሉ።

በጥፊ ልትለው እጇ ሁሉ ተነስቶ ነበር፤ ጌታን አስታወሰችና መለሰችው። ትግሉ የጎደሉትን ስም ባንድ ጊዜ አነበበላት፣ አሰፋሽ በመስኮቱ ሥር ሆና ሁሉንም አወረደች። ፋይሎቹ በሚኒባስ ቦምቤ ወጡ፣ በሚኒባስ ወረዱ። ሶርሳ በዚህ ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ምስማር እንኳ አላደረገም፤ ስለ ሊብ ንግድ ጥሩነት ለዘመዶቹ እየመከረ ነበር። በነሐሴ ማለቂያ ሲስተሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ተነሳ። ሰማያዊ ገጽ ከፈተ፣ "እንኳን ደህና መጡ" አለ። አቶ ዱባለ ለእንግዶቹ ደወሉ።

እንግዶቹ በጳጉሜን መጡ። ግቢው ተጠረገ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ሪባን ተቆረጠ። አቶ ዱባለ ረጅሙን ንግግር አደረጉ። ወረቀት የኋላ ቀርነት ምልክት እንደነበር፣ በዚህ ጽሕፈት ቤት ግን አንድ ቅጠል እንኳ እንደማይገኝ በኩራት ተናገሩ። የመጀመሪያዋ ፈቃድ የማን እንደሆነች ሲጠየቅ ትግሉ አስቀድሞ የአሰፋሽን ማመልከቻ ሞልቶ ነበር። ቁልፉን ተጫነ። ሲስተሙ ስሟን አየ፣ መረመረ፣ ፈቀደ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

"እስቲ ፈቃዷን እንያት" አሉ የእንግዶቹ መሪ።

"ትታተማለች" አለ ትግሉ። ማተሚያውን አየ። አቶ ዱባለን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ወረቀት የለም" አላቸው።

የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር፤ በግቢው አንድ ቅጠል አይገኝም። የመጨረሻው ነጭ ወረቀት በከተማው የሱቅ በር ላይ ተለጥፎ አልቋል። በከተማው ያለው ወረቀት ሁሉ ደግሞ ከዚያ በር ወዲያ ነው። አቶ ዱባለ እንግዶቹን ሻይ ጋብዘው፣ ለምትታተመው ፈቃድ ከሣጥን የወጣውን ማኅተም ኪሳቸው ከትተው፣ በዝናብ ወጡ። አሰፋሽ በረንዳዋ ላይ ነበረች። የእንግዶቹን መኪና ሲያልፍ አይታዋለች፤ ምረቃው ላይ ግን አልተጠራችም።

"ወይዘሮ አሰፋሽ፣ እንደምን ነሽ? ቤተሰብ ደህና?"

"ደህና ነን። እርስዎስ? ረጠቡ እኮ።"

"አንድ እሽግ ወረቀት ሽጪልኝ።"

"በደስታ ነበር" አለች፣ ማስታወቂያውን እያሳየች። "ግን ፈቃዴ አልታደሰም። እንዴት አድርጌ እሸጣለሁ?"

"ታድሷል እኮ! አሁን ነው ሲስተሙ የፈቀደልሽ። የቀረው ማተም ብቻ ነው።"

"እሱን ይስጡኝና ልክፈት።"

"ወረቀቱን ስጪኝና ላትመው።"

"ሳልከፍት ከየት አመጣለሁ?"

አቶ ዱባለ ሰዓታቸውን አዩ። ሻይ ስንት ጊዜ ይጠጣል? ዝናቡ ከባርኔጣቸው ላይ ወደ አንገታቸው ይወርዳል። ያ ሁሉ ዕቅድ፣ ያ ሁሉ ንግግር፣ ከአንድ በር ፊት ቆሞ ቀረ።

"ምን ይሻላል ታዲያ?" አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ሰው ድምፅ ሆኖ።

"በእጅዎ ይጻፉልኝ። ተፈቅዷል ብለው ይፈርሙ፣ ማኅተም ያድርጉበት። ያኔ እከፍታለሁ፣ እሸጥልዎታለሁ።"

"በምን ላይ ልጻፍ?"

አሰፋሽ ቦርሳዋን ከፈተች። የልጇ የማቲ ደብተር ውስጡ ነበር፤ ከመሃሉ አንድ ቅጠል ገንጥላ ዘረጋችላቸው። "ይኸው።"

"ስንት ነው?"

"ምንም። በነጻ ነው።"

አቶ ዱባለ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ወደ መንገዱ ዞር ብለው አዩ፤ ደግፌ በአካባቢው አልነበረም። ምራቃቸውን ዋጡ፣ ቅጠሏን ተቀበሉ፣ የታሸገው በር ላይ አስደግፈው ጻፉ። የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ነው፤ ያለፈው ዘመን ሰው ናቸው። ፈረሙ፣ ማኅተሙን አሳረፉ። አሰፋሽ ማስታወቂያውን በጥፍሯ ላጠችው፣ በሩን ከፈተች። የእርጥብ ወረቀት ሽታ ወጣ። ከታችኛው ካርቶን በቀር ደብተሩ ሁሉ ደህና ነበር። "ተመስገን" አለች፣ ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብላ።

ወረቀቱን ራሷ ይዛ ቢሮ ድረስ ተከተለቻቸው። ትግሉ ወረቀቱን አስገባ፣ ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ብቅ አለ።

"ማተሚያውን የሚያነጋግርበት ፋይል ነው የጎደለው" አለ ትግሉ በሹክሹክታ። "ሥራው ሲደርስ ብቻ የሚጠራ ስለሆነ ካነበብኩት ውስጥ አልነበረም።"

ያን ጊዜ የእንግዶቹ መሪ አሰፋሽ እጅ ላይ ያለችውን ቅጠል አዩ። ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"የመጀመሪያዋ ፈቃድ ይቺ ናት?"

"ናት" አሉ አቶ ዱባለ።

"የእጅ ጽሑፍ ትመስላለች።"

አቶ ዱባለ ለቅጽበት ያህል ብቻ አሰቡ። "እንድትመስል ተደርጎ ነው የተሠራው። ሕዝባችን እንዳይደነግጥ።"

መሪው ቅጠሏን ለሌሎቹ አሳዩ። መስመሯን፣ የተቀደደ ጠርዟን፣ የቀለሙን መፍሰስ ሳይቀር አደነቁ። "ቴክኖሎጂ የት ደረሰ!" አሉ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ትግሉም አጨበጨበ። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ አቶ ዱባለ ስለ ማተሚያው ፋይል ደግፌን ጠሩት።

አሰፋሽ በዚያ መስከረም ደብተሯን ሸጣ ጨረሰች። ቅጠሏን መስታወት ውስጥ አድርጋ ሰቀለቻት፤ የታሸጉት ነጋዴዎች በሙሉ እየመጡ ኮፒ አነሱባት፣ የእሷን ስም በየራሳቸው ስም ተክተው አቶ ዱባለ ዘንድ ወሰዱ፣ አቶ ዱባለም እየፈረሙ ማኅተም አደረጉላቸው። ሲስተሙ እስከ ዛሬ ድረስ አንዲት ፈቃድ አትሞ አያውቅም። ስለዚህም አንዲት ቅጠል አላባከነም፤ በዓመቱ መጨረሻ በወረቀት ቁጠባ አንደኛ ወጥቶ ተሸለመ። ይህን የሚገልጸው ሪፖርት ለሚመለከታቸው ሁሉ እንዲደርስ በብዙ ቅጂ የተባዛው አሰፋሽ ሱቅ ነው።